ባለቅኔው ያልኖረበት የባለቅኔው ቤት

የታላላቅ ደራስያንን መኖሪያ መጐብኘት በዘመናችን ለተማረው ሰው እንደ አንድ ዐይነት የመሳለም ልማድ ሆኗል። ተጓዡ መጽሐፉን አንብቦ ሲያበቃ፣ ቃሉ የተጻፈበትን ጠረጴዛ ለማየት፣ ደራሲው በወጣበት ደረጃ ለመውጣት፣ እርሱ በተመለከተበት መስኮት ለመመልከት ይመኛል። ይህ ምኞት የሚያስነቅፍ አይደለም። ምእመናን ወደ ገዳም ሲሄዱ፣ የሐረርም ሰው አዋች ወደሚባሉት የቅዱሳን መቃብሮች ለዝያራ ሲወጣ የሚፈልገው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም ካለፈ ሰው ጋር በቦታ አማካይነት መገናኘት ነው። ዳሩ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የቅዱስ መቃብር የሚቆመው በእምነት ላይ ስለ ሆነ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም፤ ሊጠይቀውም አይገባም። ሙዚየም ግን የሚቆመው በማስረጃ ላይ ነው፤ «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ በተናገረ ጊዜ ቃሉን የማጽናት ግዴታ ይወድቅበታል። የሙዚየምን ስም ይዞ በመቃብር ሥርዐት የሚኖር ቤት ጐብኚውንም፣ የሚዘከረውንም ሰው፣ ራሱንም ይበድላል።

በሐረር ከተማ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጠራውን ሕንፃ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣሁት፣ ይህን ጥያቄ በአገራችን እንደ እርሱ አጥብቆ የሚያነሣ ቤት ባለማግኘቴ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ቍልቍል ይወርዳል። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። መንገደኛው ገና ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ሳይታጠፍ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ቀርቦ «ራምቦ? ራምቦ ቤት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ የሚያስበው የፈረንሳዩን ባለቅኔ ይሁን፣ ወይም በዚያው ስም የሚጠራውን የአሜሪካ ፊልም ተዋጊ፣ ከድምፁ ለመለየት አይቻልም። ከዚያም ቤቱ ብቅ ይላል። በዙሪያው ያሉት የሐረር ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ በግንብ አጥር የተከለሉ ሲሆኑ፣ ይህኛው ግን በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ ፎቅ ነው። ጣሪያው ከውስጥ በቀለም ተሥሏል፤ የላይኛው ክፍል መስኮቶች ባለ ልዩ ልዩ ቀለም መስተዋት ናቸው። ፀሓይ በገባችባቸው ጊዜ ቀዩና አረንጓዴው ብርሃን በእንጨቱ ወለል ላይ ይወድቃል። ከዚያ ከፍታ ሆኖ የከተማውን ጣሪያዎች፣ ከዚያም አልፎ ተራራዎቹን ለሚያይ ሰው «ባለቅኔው እዚህ ቆሞ ይህን አየ» ብሎ ማመን እጅግ ቀላል ነው። እኔም በመጀመሪያ በገባሁ ጊዜ ላመንበት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። በ1854 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባለው ከተማ የተወለደው አርቱር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ፣ መቀመጫው በዔደን የነበረው የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች፤ የያዟትም በ1875 ነበር። ንግድ ቤቱ የተከራየው በፈረስ መጋላ የነበረውን፣ ራኡፍ ፓሻ የተባለው የግብፅ ሹም ይቀመጥበት የነበረውን ትልቅ ቤት ነው። ራምቦ በ1881 መጨረሻ ወደ ዔደን ተመለሰ፤ በ1883 ዳግመኛ መጥቶ እስከ 1884 ቈየ። ሦስተኛውና ረጅሙ ቈይታው ከ1888 እስከ 1891 ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ሐረር ከ1887ቱ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ ግዛት ሥር ገብታ ራስ መኰንን ያስተዳድሯት ነበር፤ ራምቦም በራሱ ስም የሚነግድ ሰው ሆኖ ነበር። በኤፕሪል 1891 ጕልበቱ አብጦ መራመድ ስለ ተሳነው፣ ዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። በማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ተቈረጠ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ።

አሁን የምንጐበኘው ሕንፃ የተሠራው እርሱ ሐረርን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ነው፤ ያሠራውም አንድ የህንድ ነጋዴ ነው። የእንጨቱ ቅርጽና የመስኮቱ ቀለም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው፤ የባሕር ማዶ ንግድ ወደ ሐረር ያመጣው የአሠራር ዘዴ ነውና። ራምቦ የኖረበት የፈረስ መጋላው ቤት ዛሬ የለም። አንዳንዶች «የአሁኑ ቤት ባይሆንም እርሱ ከተከራያቸው ቤቶች አንዱ በዚሁ ቦታ ላይ ነበር» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት ቢሆን እንኳ መስኮቱን የእርሱ መስኮት፣ ደረጃውንም የእርሱ ደረጃ አያደርገውም።

እንግዲህ ቤቱ የባለቅኔው አይደለም። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን በሐረር የኖረው ሰው ራሱ በዚያን ጊዜ ባለቅኔ አለመሆኑ ነው። ራምቦ ስሙን ያስጠራውን ቅኔ ሁሉ የጻፈው ዕድሜው ሃያ አንድ ሳይሞላ ነው። «አንድ ወቅት በሲኦል» የተባለውን መጽሐፉን በ1873 በብሩሴል አሳተመ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ብዕሩን ጣለ። ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች የሚናገሩት ስለ ቡና፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ዝባድና ስለ ብር ምንዛሪ ነው፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ ስለ ኪሳራው ያማርራል፤ ስለ ቅኔ ግን አያነሣም። በ1886 «ኢሉሚናስዮን» የተባለው ሥራው በፓሪስ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ደራሲው በታጁራ ባሕር ዳር ተቀምጦ ወደ ሸዋ ለምኒልክ የሚወስደውን የጠመንጃ ጭነት ለማስነሣት ግመል ይጠባበቅ ነበር። መታተሙንም አላወቀም። ስለዚህ «የባለቅኔው ቤት» የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ይስታል፤ አንድም ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ፣ አንድም በሐረር የነበረው ሰው ቅኔን የተወ ነጋዴ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ስል ስሕተት የሌለበት የደራሲ ቤት በዓለም ላይ ሞልቷል ማለቴ አይደለም። በፍራንክፈርት የሚገኘው የጎተ የትውልድ ቤት በማርች 22 ቀን 1944፣ ባለቅኔው በሞተበት ዕለት መታሰቢያ፣ በአውሮፕላን ቦምብ ፈርሷል። ዛሬ ጐብኚ የሚገባበት ቤት ከ1947 እስከ 1951 እንደ ገና የተሠራ ነው። በዚያን ጊዜ ቫልተር ዲርክስን የመሰሉ ጸሓፊዎች «የፈረሰው ይፍረስ፤ የጠፋውን እንዳልጠፋ አድርገን ራሳችንን አናታልል» ከሚል አሳብ ተነሥተው ሥራውን ተቃውመው ነበር። ቤቱ ተሠራ፤ ነገር ግን አዲስ መሆኑ አልተደበቀም። የቀድሞው ዕቃ አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ ስለ ነበር ከጥፋቱ ድኗል፤ ጐብኚው የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደ ሆነ ለማወቅ ይችላል። ክርክሩም ራሱ የቤቱ ታሪክ አንድ ክፍል ሆኖ ይነገራል።

ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በራምቦ የትውልድ ከተማ ይገኛል። በሻርልቪል፣ በወንዙ ዳር፣ ባለቅኔው ከ1869 እስከ 1875 ከእናቱና ከወንድም እኅቶቹ ጋር በእርግጥ የኖረበት ቤት አለ። በ2004 ለሕዝብ ሲከፈት «የሌላ ስፍራ ቤት» ብለው ሰየሙት። የእርሱን አልጋና ወንበር አስመስለው ሠርተው አላስቀመጡበትም። ክፍሎቹን ባዶ ትተው በድምፅና በብርሃን እርሱ ሸሽቶ የሄደባቸውን አገሮች እንዲያስታውሱ አድርገዋቸዋል። ቤቱ እውነተኛ ሳለ «የምትፈልጉት ሰው እዚህ የለም» ብሎ ይናገራል። የሐረሩ ቤት ግን እርሱ ያልኖረበት ሳለ «እዚህ አለ» ይላል። ሁለቱን ላነጻጸረ ሰው የታማኝነት መለኪያው የግድግዳው ዕድሜ ሳይሆን የሚነገረው ቃል መሆኑ ይገለጽለታል።

እዚህ ላይ ለቤቱ መከራከር የሚፈልግ ሰው የሚያነሣው ብርቱ አሳብ አለ፤ በቅን ልብ ሊመረመር ይገባዋል። ቤቱ የራምቦን ስም ባይይዝ ኖሮ ማን ያድሰው ነበር? በጀጎል ውስጥ የቀድሞ ነጋዴዎች ካሠሯቸው ፎቆች መካከል በእርጅና የተጐዱ አሉ። የባለቅኔው ስም ለዚህኛው ሕንፃ እንደ ጃንጥላ ሆኖለታል፤ ከዝናም አድኖታል፤ ከሩቅ አገርም ሰው ያመጣለታል። ይህ እውነት ነው። እኔም ስሙ ከበሩ ላይ ተፍቆ ይጥፋ አልልም። ስሙ ያዳነው ቤት ነውና ስሙም ከእንግዲህ የታሪኩ ክፍል ነው። የምለው ስሙ ቤቱን ካዳነ በኋላ የቤቱን እውነት ሊውጠው አይገባም ነው። የሚጐዱትን አንድ በአንድ ልቍጠር።

መጀመሪያ የሚጐዳው ያሠራው ሰው ነው። የህንድ ነጋዴዎች በሐረር ታሪክ ውስጥ ተራ መንገደኞች አልነበሩም። ጨርቁን፣ ቅመሙን፣ የእንጨቱን ጥበብ አምጥተዋል፤ ከከተማው ሰው ጋር ገዝተው ሸጠዋል። በዚህ ቤት ውስጥ ጐብኚው ቀና ብሎ የሚያደንቀው ጣሪያ ሁሉ የዚያ ነጋዴና እርሱ የቀጠራቸው ጠራቢዎች ሥራ ነው። እንግዳው ግን ጥበባቸውን እያየ የሌላውን ስም እያመሰገነ ይወጣል። በገዛ ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ እንደ እንግዳ ተረሳ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ የሚጐዳው ከተማው ነው። የሐረርን ሰው የቤት አሠራር ለሚያጠና ሰው፣ የጌይ ጋር ውስጥ ምን ያህል የታሰበበት ሥርዐት እንዳለ መናገር አያስፈልግም። ወለሉ በደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ መደብ ይሆናል፤ ይህም ነደባ ይባላል። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ነው፤ ጊዲር ነደባ ለብዙኀኑ ነው፤ ጢት ነደባና ሱትሪ ነደባ እንደየማዕርጋቸው ይከተላሉ፤ ከበሩ ጀርባም ሌላ ነደባ አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ያስተምራል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት የሴቶቹ መጽሐፍ ነው። በመደቡ ላይ ያለው ቀይ ቀለም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም እንደሚያስታውስ ይነገራል። እንግዲህ ሐረር ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ሆና ሳለ፣ ብዙ የውጭ አገር ጐብኚ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፈረንሳዩ ቤት ነው። የቆመበት ሰፈር ለዚያ አንድ ሰው ታሪክ መጋረጃ ብቻ ይሆንበታል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በፎቶግራፎቹ ላይ ነው። ራምቦ በ1883 የፎቶግራፍ መሣሪያ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱን ሦስት ጊዜ አነሣ፤ አንዱን በቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና ተክል መካከል፣ አንዱን በሙዝ ተክል መካከል እጁን አጣምሮ። ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለ ነበር ሥዕሎቹ እንደሚነጡ ለቤተ ሰቡ ጽፏል፤ በእርግጥም ፊቱ ደብዝዟል። ከራሱ ሌላ ገበያውንና አንድ መቃብር፣ በዐምድ አጠገብ ተቀምጦ የሚሠራ አንድ ሰውም አንሥቷል። የእነዚህ ፎቶግራፎች ቅጂ በቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጐብኚው ሁሉ የሚጠጋው ወደ ደበዘዘው ፊት ነው። ለእኛ ማኅበር ግን የሚበልጠው ያ በዐምዱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው። እነዚህ ሥዕሎች ስለ ሐረር ካሉን ፎቶግራፎች ጥንታውያን ከሚባሉት ወገን ናቸውና። ሰውየው ማን ነበር? ልብሱ የየትኛው ወገን ነው? በእጁ የያዘው ምንድን ነው? ሥራውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና አሉ። አንሺው ታውቆ ተነሺው ያልታወቀበት ሥዕል ግማሽ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ የሚጐዳው ራምቦ ራሱ ነው። የባለቅኔ ቤት ባለቅኔን ስለሚፈልግ፣ ነጋዴው በመጋረጃ ተሸፍኖ ይቀራል። በሐረር ሳለ ከጻፈው ሁሉ በዚያን ጊዜ ለኅትመት የበቃው፣ ስለ ኦጋዴን ያቀረበው መግለጫ ነው፤ በ1884 የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር አሳትሞታል። ጽሑፉ የተመሠረተው ሶቲሮ የተባለው የሥራ ባልደረባው ባደረገው ጕዞ ላይ ሲሆን፣ ስለ አገሩ አቀማመጥ፣ ስለ ሕዝቡ ጐሣና ስለ ልማዱ በአጭሩ ይተርካል። ቅኔን የተወው ሰው በሐረር የሠራው የጽሕፈት ሥራ እንግዲህ የእኛው ሙያ ወገን ነበር። ይህን የሚያውቅ ጐብኚ ጥቂት ነው።

ያልተወደደውም ገጽ እንዲሁ መታየት አለበት። በ1937 ኢኒድ ስታርኪ የተባለች የእንግሊዝ አገር መምህር ራምቦን በባሪያ ንግድ ከስሳው ነበር፤ በ1962 ጣልያናዊው ማሪዮ ማቱቺ ክሱ ማስረጃ የሌለው መሆኑን አሳየ። ይሁን እንጂ በ1889 ራምቦ በሸዋ ወደ ነበረው ወደ ስዊሱ መሐንዲስ ወደ አልፍሬድ ኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንድ በቅሎና ሁለት ወንዶች ልጆች ባሪያዎች እንዲገዛለት ለምኗል፤ ኢልግም ባሪያ አልገዛም ብሎ መለሰለት። በሌላ በኩል ደግሞ ጃሚ የተባለ አገልጋይ ነበረው። ራምቦ በማርሴይ በሞት አልጋ ላይ ሳለ ይህን ስም ይጠራ ነበር፤ ለእርሱም የሚሰጥ ገንዘብ በኑዛዜ ተወ። ሁለቱም ነገሮች የአንድ ሰው ናቸው። አንዱን አንሥቶ ሌላውን የጣለ ቤት ቅዱስ ይሠራል እንጂ ሰው አያሳይም፤ ቅዱስ መሥራት ደግሞ፣ አስቀድሜ እንዳልሁት፣ የሙዚየም ሥራ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የማቀርበው አሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መጀመሪያ፣ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሁሉ ገና በደጅ ሳለ በአማርኛ፣ በሐረሪና በፈረንሳይኛ ሕንፃው የህንድ ነጋዴ ቤት እንደ ነበረና ባለቅኔው እንዳልኖረበት ያንብብ፤ ይህን ዐውቆ የሚገባ ጐብኚ ያነሰ አይደሰትም፤ የበለጠ ያያል እንጂ። ሁለተኛ፣ ከፎቶግራፎቹ ሥር የአንሺው ስም ብቻ ሳይሆን የቦታው፣ የልብሱና የሥራው መግለጫ ይጻፍ፤ ይህንም ለማድረግ ሥዕሎቹ ወደ አፎቻዎቹ ተወስደው ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች ይታዩ፤ የሚሉትም ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ነጋዴ ወዲህ በቤቱ የኖሩት ቤተ ሰቦች ትዝታ ይሰብሰብ፤ ቤት የኖሩበት ሰዎች ሁሉ ታሪክ ነውና። አራተኛ፣ ራምቦ ከነቡናውና ከነሚዛኑ፣ ከነጠመንጃውና ከነደብዳቤዎቹ፣ ሐረር ከግብፅ እጅ ወደ ምኒልክ እጅ ስትሻገር እንዳየ አንድ ነጋዴ ይቅረብ።

ከእነዚህ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ሁለተኛው ነው። ወረቀት በሣጥን ሊቈይ ይችላል፤ የሽማግሌ ትዝታ ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ከማኅበራችን አባሎች ወደ ሐረር የሚወርዱ ቢኖሩ፣ በራምቦ ቤት ከባለቅኔው ፊት ዘወር ብለው በዐምዱ አጠገብ በተቀመጠው ሰው ፊት ጥቂት እንዲቈሙ፣ ከዚያም ቅጂውን ይዘው በመኪና ግርግር ከተቀመጡት ልብስ ሰፊ ሽማግሌዎች አንዱን ስለ ልብሱ እንዲጠይቁልኝ አደራ እላለሁ።